የፖፕ አርት ስክሪን ፕሪንት ሲገዙ፦ የትኛውን ሉህ መምረጥ፣ ዋጋውንስ በምን መመዘን?

የፊልም ተዋናይቷን የማሪሊን ሞንሮን ፊት በፖፕ አርት (ከሸቀጥና ከማስታወቂያ የተነሣ ጥበብ) አርቲስቱ በአንዲ ዋርሆል ቀለም ግድግዳው ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ገበያ ሲወጣ ያው ምስል በብዙ መልክ ይቀርብለታል። በ1967 ከታተሙት 250 ቅጂዎች አንዱ አለ። ከዚያው ዓመት፣ በቁጥር ፋንታ በእንግሊዝኛ ፊደል የተለየ የአርቲስቱ ናሙና (ከመደበኛው ቁጥር ውጭ ለአርቲስቱ የሚታተም ቅጂ) አለ። ጀርባው ላይ «ፊርማዎን ራስዎ ይሙሉ» የሚል ጥቁር ማህተም ያረፈበት የ1970 ህትመት አለ፤ ማህተሙ ሰማያዊ የሆነው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው። የሙዚየም ፖስተር አለ፤ ትናንት ከኮምፒውተር የወጣም አለ። ፍሬም ገብተው ከመስታወት ጀርባ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ዋጋቸው ግን ከጥቂት አሥር ዶላሮች እስከ መቶ ሺዎች ይራራቃል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምመክረው ከስሙ በፊት ሉሁን እንዲመዝኑ ነው። ዝነኛ ምስል ያለበት ነገር ግን የደበዘዘ፣ ህዳጉ የተቆረጠና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወረቀት ከመግዛት፣ ስሙ ብዙም ያልገነነ አርቲስት የሠራውን ንጹሕና ማስረጃው የተሟላ ሉህ መግዛት ይሻላል። ከዚህ በታች መጀመሪያ መመዘኛዎቹን፣ ቀጥሎ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

## ከሁሉ በፊት፦ ሸራ ወይስ ወረቀት?

በግንቦት 2022 ኒው ዮርክ ውስጥ በክሪስቲስ የጨረታ ቤት አንድ የዋርሆል ማሪሊን በ195 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ የማሪሊን ህትመት የሚሸጡ ሰዎች ይህን ቁጥር መጥቀስ ይወዳሉ። የተሸጠው ግን በ1964 ሸራ ላይ የተሠራ፣ አንድ ብቻ የሆነ ሥዕል ነው። ዋርሆል ከ1962 ጀምሮ የስክሪን ዘዴን ለሥዕልም ለህትመትም ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ «የዋርሆል ስክሪን ፕሪንት» የሚለው አነጋገር ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ገበያዎችን ያደባልቃል። እዚህ የምናወራው በወረቀት ላይ በብዛት ስለታተሙት ነው። የሸራው ዋጋ ለእነሱ መለኪያ አይሆንም፤ ሻጩ በእሱ ከተከራከረ ወሬውን ወደ ሉሁ ይመልሱት።

## መመዘኛዎቹ

አሠራሩ። ስክሪን ፕሪንት የሚሠራው እንደ ወንፊት የተወጠረ ስስ ጨርቅ ላይ ቀለም የማያሳልፈውን ክፍል በመድፈን ነው። ከዚያ ቀለሙ በጎማ መግፊያ ተጎትቶ ክፍት በሆነው በኩል ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ስክሪን ያስፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ቀለሙ ወፍራምና ድፍን ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ሉሁን ወደ ብርሃን ጋደል አድርገው ቢያዩት አንዱ ቀለም በሌላው ላይ መደረቡ፣ ጠርዙም ጥቂት ከፍ ማለቱ ይታያል።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ርካሽ ነው፤ ከብዙ ስህተትም ያድናል። በማጉያው ሥር በአበባ ቅርጽ የተሰባሰቡ የሰማያዊ፣ የሐምራዊ፣ የቢጫና የጥቁር ጥቃቅን ነጥቦች ከታዩ ሉሁ ኦፍሴት ህትመት (መጽሔትና ፖስተር በብዛት የሚታተምበት የማሽን ዘዴ) ነው። በዘፈቀደ የተረጩ የሚመስሉ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ካሉ ከኢንክጄት ማሽን የወጣ ነው። የሌላው የፖፕ አርቲስት የሮይ ሊክተንስታይን ሥራዎች እዚህ ላይ ያምታታሉ፤ ነጥብ የምስሉ አካል ስለሆነ ገዢው «ነጥብ አለው፣ ስለዚህ ቅጂ ነው» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። የሚታየው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ነው፦ በስክሪን ከታተመ ነጥቡ አንድ ድፍን ቀለም ነው፤ በሌላ ማሽን ከተቀዳ ግን ነጥቡ ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኦፍሴት ሁሉ ዋጋ ቢስ አይደለም። የሊክተንስታይን የ1963ቱ «የምታለቅስ ልጃገረድ» ከመጀመሪያውም የታተመው በኦፍሴት ሊቶግራፍ ነው፤ ሊዮ ካስቴሊ ጋለሪ ለኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ብሎ ያወጣው ሲሆን ዛሬ በጣም ከሚፈለጉት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስክሪን ፕሪንት ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህ እትም በምን ዘዴ መታተም ነበረበት?» የሚለው ነው።

እትሙ። ማን አሳተመው? የትኛው ማተሚያ ቤት ሠራው? ስንት ቅጂ ወጣ? ለዋና ዋናዎቹ አርቲስቶች መልሱ በካታሎግ (የአርቲስቱን ህትመቶች በቁጥር በሚዘረዝር መጽሐፍ) ተጽፏል። ለዋርሆል የፌልድማንና የሼልማን ካታሎግ፣ ለሊክተንስታይን የሜሪ ሊ ኮርሌት ካታሎግ አለ። ለምሳሌ የ1967ቱ ማሪሊን አሥር ሉሆች በፋክተሪ አዲሽንስ ስም ታትመው 250 ቅጂና ከኤ እስከ ዜድ የተሰየሙ 26 የአርቲስት ናሙናዎች አሏቸው፤ ሉሁ 91.4 በ91.4 ሴንቲሜትር ነው። ሻጩ የካታሎግ ቁጥር መስጠት ካልቻለ ወይም የሰጠው ቁጥር ከሉሁ ስፋት ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ እዚያው ይቁም።

የቅጂ ማነስ ብቻውን ዋጋ እንደማያወጣ የሚያሳይ አንድ ግሩም ምሳሌ አለ። በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ ኦሪጂናል ኤዲሽንስ «አሥራ አንድ የፖፕ አርቲስቶች» የተባለውን ስብስብ በሦስት ቅጽ አወጣ፤ የእያንዳንዱ ሥራ ቅጂ 200 ነው። ዋርሆል፣ ሊክተንስታይን፣ ሮዘንክዊስት፣ ዌሰልማን፣ ጂም ዳይን፣ ሜል ራሞስ፣ ጆን ዌስሊ፣ አለን ዳርካንጀሎ፣ ብሪታንያዊዎቹ አለን ጆንስ፣ ጄራልድ ሌንግና ፒተር ፊሊፕስ ሁሉም አሉበት። አሳታሚው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ የቅጂው ቁጥርም አንድ ነው። ሆኖም ከዚሁ ስብስብ የወጣው የሊክተንስታይን ቡጢ ሰንዛሪ ከዌስሊ ወይም ከዳርካንጀሎ ሉህ ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የፈላጊው ብዛት ነው። ታሪኩን ለሚወድና ኪሱ ለሚገደብ ሰው ግን ይህ ልዩነት መልካም ዕድል ነው፤ ከዚያው ስብስብ የወጣ ያነሰ ስም ያለው ሉህ የዚያኑ ዘመን እጅና ቀለም ይዞ ይመጣል።

ፊርማው። ዋርሆል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎቹን ህትመቶች የፈረመው በጀርባ በኩል ነው፤ ማሪሊንን በእርሳስ፣ የ1968ቱን የካምቤል ሾርባ (የሾርባ ቆርቆሮ ምስሎች) ደግሞ በእስክሪብቶ። ቁጥሩ በጎማ ማህተም ተመትቷል። ስለዚህ ከፍሬም አውጥቶ ጀርባውን ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ጋር አይድከሙ። የ1983ቱን «ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳት» ግን ፊት ለፊት በእርሳስ ፈርሟል። የ1987ቱ «የጨረቃ ጉዞ» ደግሞ ዋርሆል ሳይፈርመው በየካቲት 1987 ስለሞተ የንብረቱ አስፈጻሚ የፈረመበት የማረጋገጫ ማህተም ነው ያለው፤ እዚያ ላይ የአርቲስቱ የእጅ ፊርማ መገኘቱ ራሱ የማጭበርበር ምልክት ነው። ፊርማ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ መጥፎ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በዚያ እትም ላይ የሚጠበቀው ፊርማ በሚጠበቅበት ቦታና መጻፊያ መገኘት አለበት።

የሉሁ ሁኔታ። ገዢዎች በጣም የሚቸኩሉት እዚህ ነው፤ ዋጋው በግማሽ የሚወርደውም እዚሁ ላይ ነው። የፖፕ አርት ህትመቶች ውበታቸው ደማቅና ድፍን በሆነ ቀለም ላይ ያረፈ ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ ጎልታ ትታያለች። የማሪሊንና የ1970ው «አበቦች» ቀለም እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ስለሚደርስ የሚከላከለው ነጭ ህዳግ የለም፤ ማዕዘኑ ሲታጠፍ ምስሉ ራሱ ይጎዳል። የካምቤል ሾርባው ግን ህዳግ አለው፤ 88.9 በ58.4 ሴንቲሜትር መሆን ያለበት ሉህ ሲለካ ካጠረ አንድ ሰው ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ቆርጦታል ማለት ነው። የተቆረጠ ህዳግ አይመለስም።

መደብዘዝ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የደበዘዘ ቀለምን የሚመልስ ጥገና የለም። በተለይ ሮዝ፣ ብርቱካናማና ፍሎረሰንት ቀለሞች ብርሃን አይችሉም። ለማወቅ በፍሬሙ ከንፈር ወይም በካርቶን ማቀፊያው ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ጠርዝ ከመካከሉ ጋር ያስተያዩ፤ የቀለም ድንበር ከታየ ሉሁ ለዓመታት ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ተሰቅሏል። ከዚህ ሌላ አሲድ ያለው ካርቶን የሚተወው ቡናማ መስመር፣ እርጥበት የሚያመጣቸው የዝገት መሰል ነጠብጣቦች፣ በስኮች የተለጠፈ ጀርባ፣ በሙጫ ወይም በሙቀት ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ሙሉ በሙሉ የተጣበቀ ሉህ አሉ። የመጨረሻው ጀርባውን ስለሚደብቅ ለዋርሆል ሥራ ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው። ነጠብጣብና የአሲድ መስመር በሙያተኛ እጅ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ግን የተጠገነ ነገር መጠገኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

ሻጩን «ሁኔታው ጥሩ ነው» ከማለት አልፎ ከፍሬም ውጭ የተጻፈ የሁኔታ ሪፖርት፣ የአራቱን ማዕዘናት፣ የጀርባውንና በጎን ብርሃን የተነሣ ፎቶ ይጠይቁ።

የባለቤትነት ታሪክ። በ1995 የተቋቋመው የዋርሆል ሥራዎች ማረጋገጫ ቦርድ የቀረበለትን ሥራ መርምሮ የማይቀበለውን ጀርባው ላይ «አልተቀበልንም» የሚል ማህተም ይመታበት ነበር። ክስ ተከትሎት ከብዙ የሕግ ወጪ በኋላ የዋርሆል ፋውንዴሽን በ2011 ቦርዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ አጠራጣሪ ሥራ ይዞ የሚሄዱበት ያ በር የለም። ስለዚህ የቀድሞ ደረሰኝ፣ የጋለሪ መለያ ወረቀት፣ የጨረታ ቤት ካታሎግ ገጽ ዛሬ የበለጠ ክብደት አላቸው። ሻጩ ራሱ ያተመው «የእውነተኛነት ሰርተፊኬት» ግን ከሻጩ ቃል የተለየ ዋጋ የለውም።

ስርቆትም ይታሰብ። በሚያዝያ 2016 በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ከሚገኘው ስፕሪንግፊልድ አርት ሙዚየም ከአሥሩ የካምቤል ሾርባ ህትመቶች ሰባቱ ተሰርቀዋል፤ ኤፍቢአይ ለጠቆመ 25,000 ዶላር ወሮታ አቅርቧል። ቁጥር ያለው ህትመት በቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል፣ ከፍ ያለ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሉሁን በተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች መዝገብ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ሙሉ ወጪውና መልሶ የመሸጡ ቅለት። በዚህ ላይ የዋጋ ግምት ክፍሉ ውስጥ እመለስበታለሁ።

## አማራጮቹ በመመዘኛዎቹ ፊት

### በዘመኑ የታተመ፣ የተፈረመና የተቆጠረ ነጠላ ሉህ

ማስረጃው የተሟላ፣ ገበያው ሰፊ፣ የቀድሞ የጨረታ ዋጋው ተመዝግቦ የሚገኝ አማራጭ ይህ ነው። የማሪሊን ነጠላ ሉህ በጨረታ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ከአንድ ስብስብ የወጡ ሉሆች ግን እኩል አይደሉም፤ ከ1968ቱ አሥር ሾርባዎች የቲማቲሙ ከሌሎቹ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ከማሪሊኖቹም በቀለም የሚለያይ ዋጋ አለ። «የካምቤል ሾርባ በዚህን ያህል ተሸጠ» የሚል ዜና ሲያዩ የትኛው ሾርባ ብለው ይጠይቁ።

ስሙን ፈልገው የማሪሊን ዋጋ የማይሞክሩት ከሆነ የዋርሆልን ያነሰ የሚፈለጉ ስብስቦች ይመልከቱ። የ1975ቱ «ሌዲስ ኤንድ ጀንትልመን» ከታዋቂዎቹ ሥዕሎቹ በታች ሲሸጥ የኖረ፣ እኔ ግን ከምርጥ የቁም ሥዕሎቹ የምቆጥረው ስብስብ ነው።

### ሙሉ ስብስብ

አሥሩም ሉሆች አንድ ላይ፣ በተመሳሳይ ቁጥር። ተመሳሳይ ቁጥር ማለት አሥሩም ለምሳሌ 112 ከ250 ሲሆኑ ነው። ብዙ ስብስቦች ተበትነው ስለተሸጡ ያልተበተነው ብርቅ ሆኗል። ከተለያየ ቦታ ተለቃቅሞ የተሟላ ስብስብ ግን ይህን ብልጫ አያገኝም፤ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። ለሙዚየምና ለከፍተኛ ሰብሳቢ ካልሆነ ለሌላው ሰው የሚመከር አይደለም።

### ናሙና ህትመቶች

የአርቲስት ናሙና ከመደበኛው ቅጂ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ስላነሰ አንዳንዴ ትንሽ ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜ እኩል ነው። «የአርቲስት ናሙና ስለሆነ» ብቻ ብዙ ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭን አይቀበሉ።

የሙከራ ናሙና ሌላ ነገር ነው። ዋርሆል በተለይ በኋለኞቹ ዓመታት ለሙከራ ያወጣቸው ሉሆች በመጨረሻው እትም የሌለ የቀለም ቅንብር አላቸው፤ እያንዳንዱም ብቸኛ ነው። ዋጋቸው ከመደበኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ግን የሚነጻጸሩበት ተመሳሳይ ሽያጭ ስለሌለ መገመት ከባድ ነው። ይህ ዓይንና ልምድ ላለው ሰብሳቢ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም።

### የዘመኑ ፖስተሮች፣ የጥሪ ወረቀቶችና ከረጢቶች

ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ፖፕ አርት ከሸቀጥና ከማስታወቂያ ተነሥቶ ወደዚያው የተመለሰ ጥበብ ነው፤ እነዚህ ወረቀቶች ደግሞ በዚያ መንገድ የተሠራጩ ናቸው። በ1964 በኒው ዮርኩ ቢያንኪኒ ጋለሪ «የአሜሪካ ሱፐርማርኬት» በተባለው ኤግዚቢሽን የዋርሆል የሾርባ ቆርቆሮና የሊክተንስታይን ተርኪ የታተመባቸው የወረቀት ከረጢቶች ይሸጡ ነበር። በስክሪን የታተሙ ናቸው፤ ሰው ይዟቸው ስለሄደ፣ ስላጠፋቸውና ስለጣላቸው በደህና የቀሩት ዛሬ በካታሎግ የተመዘገቡ ሥራዎች ናቸው።

የምርመራው ሥራ እዚህ ይከብዳል። ፖስተሮች በተደጋጋሚ ይታተማሉ፤ በአምስተርዳም ስቴደሊክ ሙዚየም የሚገኘው የሊክተንስታይን ባለ ሦስት ክፍል የጦር አውሮፕላን ሥዕል በፖስተርነት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደጋግሞ ታትሟል። የመጀመሪያውና የኋለኛው የሚለዩት በወረቀቱ ዓይነት፣ በስፋቱና በታችኛው ጠርዝ ባለው የአሳታሚ ጽሑፍ ነው። ቆይቶ የተጨመረ ፊርማ ያለባቸው ፖስተሮችም ብዙ ናቸው፤ በፖስተር ላይ ለፊርማው የሚጠየቀውን ጭማሪ ከመክፈልዎ በፊት ፊርማው መቼና የት እንደተፈረመ የሚያሳይ ማስረጃ ይኑር።

### የብሪታንያ ፖፕና ኮሪታ ኬንት

ገንዘብና ጥራት በተሻለ ሁኔታ የሚገናኙት እዚህ ይመስለኛል። ለንደን ውስጥ ክሪስ ፕሬተር የመሠረተው ኬልፕራ ስቱዲዮ በ1960ዎቹ ስክሪን ፕሪንትን ከንግድ ማስታወቂያ ወደ ጥበብ ከፍ ካደረጉት ቦታዎች አንዱ ነበር። ሪቻርድ ሃሚልተን፣ ጆ ቲልሰን፣ ፓትሪክ ኮልፊልድ፣ ኤድዋርዶ ፓዎሎትሲ ሁሉም እዚያ አሳትመዋል። የፓዎሎትሲ የ1965 ስብስብ በፈላስፋው ቪትገንሽታይን ሕይወትና አሳብ ላይ የተመሠረተ፣ አሥራ ሁለት ሉሆች ያሉት፣ 65 ቅጂ ብቻ የታተመ ነው። በቀለም ብዛትና በህትመት ችሎታ ከዋርሆል ሉሆች ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ዋጋው ግን ከማሪሊን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው። የኬልፕራ ህትመቶች ትልቅ ስብስብ በቴት ሙዚየም ስለሚገኝ የሚገዙትን ሉህ ከዚያ መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

በሎስ አንጀለስ የኢማኪዩሌት ሃርት ኮሌጅ መምህርት የነበረችው መነኩሴ ኮሪታ ኬንት ደግሞ የዳቦና የሸቀጥ ማስታወቂያ ቃላትን ወደ ጸሎትና ወደ ሰላም ጥሪ የለወጠች ናት። ሥራዋ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ስለፈለገች በዝቅተኛ ዋጋ ትሸጥ ነበር። ብዙዎቹ የ1960ዎቹ ሉሆቿ በእርሳስ የተፈረሙ ቢሆንም ቁጥር የላቸውም፤ በእሷ ዘንድ የቁጥር አለመኖር ጉድለት አይደለም። ሎስ አንጀለስ ያለው የኮሪታ ማዕከል የሥራዎቿን መዝገብ ስለሚይዝ ማጣራት ይቀላል።

ድክመቱ ምንድን ነው? ገዢው ያነሰ ስለሆነ ለመሸጥ ሲፈልጉ ተገቢውን ጨረታ መጠበቅ ያስፈልጋል።

### ሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግና የመሰሉ ኋለኛ ህትመቶች

መግቢያው ላይ የጠቀስኳቸው ጥቁርና ሰማያዊ ማህተም ያላቸው ማሪሊኖች፣ አበቦችም፣ በሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግ የአሳታሚ ስም የወጡ ናቸው። እውነተኛ ስክሪን ፕሪንቶች ናቸው፤ ስፋታቸውም እንደ መጀመሪያዎቹ ነው። ስለዚህ ማጉያ መነጽርም ሜትርም አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጀርባው ነው። ዋርሆል እንደ ራሱ እትም አልተቀበላቸውም፤ ከቀረቡለት አንዳንዶቹ ላይ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። በ1970 የወጡት ጥቁር ማህተም ያላቸው ራሳቸውን የቻለ ሰብሳቢ አላቸው። ሰማያዊዎቹ ለግድግዳ ውበት የሚገዙ ናቸው፤ በዚያው መንፈስና በዚያው ዋጋ ከተገዙ ምንም ነውር የለባቸውም። አደጋው ማህተሙ ተፍቆ ወይም ጀርባው ተለጥፎ እንደ 1967ቱ ሲቀርቡ ነው።

የአሜሪካዊው አርቲስት የሮበርት ኢንዲያና «ላቭ» (ፍቅር) ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አርቲስቱ በጊዜው የቅጂ መብቱን ስላላስጠበቀ ምስሉ ያለፈቃድ በየዓይነቱ ተባዝቷል። በ1967 መልቲፕልስ የተባለው አሳታሚ ያወጣው 250 ቅጂ ያለው እትም ከእነዚያ ሁሉ የሚለየው በፊርማውና በቁጥሩ ነው።

### ዲጂታል ቅጂ

ለማስዋብ ብቻ። የመሸጫ ዋጋ የለውም ብለው ይግዙት።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ለማጣራት | የዋጋ ደረጃ | መልሶ መሸጥ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| የተፈረመ ነጠላ ሉህ (ዋርሆል፣ ሊክተንስታይን) | ካታሎግ አለ | ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ዶላር | ቀላል | መደብዘዝ፣ የተጭበረበረ ፊርማ |
| ሙሉ ስብስብ | ካታሎግና ተመሳሳይ ቁጥር | እስከ ሚሊዮኖች | በትልቅ ጨረታ ብቻ | ከተለያየ ቦታ የተለቃቀመ |
| የሙከራ ናሙና | ሙያተኛ ይጠይቃል | ሰፊ ልዩነት | መካከለኛ | ማነጻጸሪያ ማጣት |
| የዘመኑ ፖስተርና ከረጢት | ከባድ | ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺዎች | መካከለኛ | ዳግም ህትመት፣ የኋላ ፊርማ |
| የብሪታንያ ፖፕ፣ ኮሪታ | ጥሩ መዝገብ አለ | በአብዛኛው በሺዎች | ትዕግሥት ይፈልጋል | ጠባብ ገበያ |
| ሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግ | የጀርባ ማህተም | በአብዛኛው በመቶዎች፤ ጥቁር ማህተም ይበልጣል | ዝቅተኛ | እንደ 1967ቱ መቅረብ |
| ዲጂታል ቅጂ | አያስፈልግም | በአሥሮች | የለም | ከተገቢው በላይ መክፈል |

## ዋጋውን እንዴት ይገምቱ?

የሻጭ ዋጋ ጥያቄ ነው፤ የተፈጸመ ሽያጭ ደግሞ መልስ። ስለዚህ የሚፈለገው የጨረታ ውጤት ነው። ክሪስቲስ፣ ሶዝቢስ፣ ፊሊፕስና ቦንሃምስ ያለፉ ሽያጮችን ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ አርትኔትና አርትፕራይስ ደግሞ በክፍያ አሰባስበው ያቀርባሉ። ሲያነጻጽሩ ያው እትም፣ ያው ሉህ፣ ተመሳሳይ ፊርማና ተቀራራቢ ሁኔታ ያላቸውን ብቻ ይውሰዱ፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲያ አይሂዱ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትተው መካከሉን ይያዙ። ሳይሸጡ የተመለሱትንም ይቁጠሩ፤ አንድ ሉህ በተደጋጋሚ ቀርቦ ገዢ ካጣ የተጠየቀው ዋጋ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ከዚያ ወጪውን ያስሉ። መዶሻው የወደቀበት (ጨረታው የተዘጋበት) ዋጋ ገዢው የሚከፍለው አይደለም፤ የጨረታ ቤቱ የገዢ ክፍያ ይጨመርበታል፤ በትልልቆቹ ዘንድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 25 በመቶ ብንወስድ በ20,000 ዶላር የወደቀ ሉህ 25,000 ያስወጣል። ሲሸጡት የጨረታ ቤቱ 10 በመቶ ከወሰደ፣ ያንኑ 25,000 ለማግኘት መዶሻው 27,800 ገደማ መድረስ አለበት። ገንዘብዎ እንዲመለስ ብቻ ዋጋው 39 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት ማለት ነው፤ ማጓጓዣ፣ ፍሬምና ኢንሹራንስ ሳይቆጠር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታንያ በሕይወት ላሉ ወይም ከሞቱ 70 ዓመት ላልሞላቸው አንዳንድ አርቲስቶች እስከ 4 በመቶ የሚደርስ የዳግም ሽያጭ መብት ክፍያም አለ። ለአጭር ጊዜ ትርፍ ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ወረቀት ላይ ቢሠራው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

የግምት ሰነድ ሲሰጥዎ የማን ዋጋ እንደሆነ ይጠይቁ። የኢንሹራንስ ግምት ሉሁን ከጋለሪ ለመተካት የሚያስፈልገው ስለሆነ ከፍ ይላል፤ ለመሸጥ ወይም ለውርስ የሚሠራው የገበያ ግምት ዝቅ ይላል። በኢንሹራንስ ግምት ሊሸጥልዎ የሚሞክር ሻጭ ሁለቱን እያምታታ ነው።

## ለማን የትኛው?

ከ500 ዶላር በታች ላለው ሰው፦ ከሙዚየም በቀጥታ የተገዛ ፖስተር ወይም ሰማያዊ ማህተም ያለው ሰንዴይ ቢ. ሞርኒንግ ያስደስታል። በዚህ ዋጋ «የተፈረመ ዋርሆል» የሚቀርብ ከሆነ ሐሰት ነው።

ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር፦ ምርጫዬ ኮሪታ ኬንት ወይም ከኬልፕራ የወጣ ሉህ ነው፤ ከ«አሥራ አንድ የፖፕ አርቲስቶች» ያነሰ ስም ያላቸው ሉሆችም ይታዩ። በዚህ ገንዘብ የደበዘዘ ዝነኛ ነገር ከመግዛት ንጹሕ የሆነ የሌላ አርቲስት ሥራ ይግዙ።

በአሥር ሺዎች ለሚያወጣ ሰው፦ የዋርሆል ያነሰ የሚፈለጉ ስብስቦች ነጠላ ሉሆች፣ ወይም የሊክተንስታይን የ1960ዎቹ የጋለሪ ህትመቶች ማስረጃቸው የተሟላ ከሆነ። የጽሑፍ ሪፖርትና ከሻጩ ጋር የሌለ የወረቀት ጥገና ሙያተኛ ምርመራ ግድ ነው፤ ክፍያው ከሉሁ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

ከመቶ ሺህ በላይ፦ የማሪሊን፣ የቻይናው መሪ የማኦ ወይም የቲማቲም ሾርባ ሉህ። እዚህ ደረጃ ላይ ሁኔታ ሁሉንም ይወስናል። ከአንድ እትም የወጡ ሁለት ሉሆች ቀርበው አንዱ ቀለሙ ሳይደበዝዝ የቆየ፣ ሌላው የደበዘዘ ከሆነ ውድ የሆነውን ይግዙ።

ለመስቀል የሚገዛ ሁሉ የፍሬሙንና የመጠበቂያውን ወጪ ከመጀመሪያው ይደምርበት፦ አሲድ የሌለው ካርቶን፣ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ የተያዘ ሉህ፣ አልትራቫዮሌት የሚከለክል አክሪሊክ፣ ከፀሐይ የራቀ ግድግዳ። ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ዝቅ ያደርጋሉ። ቤትዎ ብርሃን የበዛበት ከሆነ ሁለት ሉሆች ይዞ በየጥቂት ወሩ ማፈራረቅ፣ ያልተሰቀለውንም በጨለማ በጠፍጣፋ መሳቢያ ማስቀመጥ ይቻላል።